ከመድኃኔዓለም እስከ አቦ

መልሱ የመጣው በ1978 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። የሺአረግ ከሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ተጠርታ ስትገባ ማዳም ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች፤ ጋሼ ሣህሉም እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ማዳም የሚሏት ከሩቅ የወዳጅ አገር የመጣች የሴቶች ሐኪም ናት። አማርኛ አታውቅም፤ ፈረንሳይኛ ትናገራለች። ጋሼ ሣህሉ ደግሞ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛውን ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት ወረቀት ሲገለብጡ፣ ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በገዛ ትዕግሥታቸው ነው የለመዱት። ሴቶች ለባላቸው የማይነግሩትን ለእሳቸው ይነግሯቸዋል። እሳቸውም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ይሰማሉ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ለማዳም ያስተላልፋሉ።

ያን ቀን የሺአረግ ልትሰማ የገባችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማዳም ከአገሯ ያስመጣችው ፅንስ የሚያጸና መርፌ አለ። የመጣው ለስድስት ሴት የሚበቃ ነው። ከስድስቱ አንዷ መሆኗንና አለመሆኗን ነው ማወቅ የፈለገችው።

ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ደርሷል። ከባሏ ከክፍሉ ጋር ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አራት ጊዜ አርግዛ አራቱም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ወርደዋል። የመጨረሻው መውረድ የጀመረው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ፣ የተበጠሰ ክር ለመፈለግ ጨርቁን በጣቷ እየዳሰሰች ቆማ ሳለች ነው። ፈረቃዋን ጨርሳ ነው ወደ ቤት የሄደችው።

ምርመራው የተጀመረው በክረምቱ ነበር። በሐምሌ መድኃኔዓለም ዕለት ማዳም ከማህፀኗ ግድግዳ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ወስዳ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከታ፣ ከደሟ ጋር ወደ አገሯ ላከችው። «ከዚህ በኋላ ደምሽ የሚመጣበትን ቀን ይዘሽ ንገሪኝ፤ ቁራጩ የሚነበበው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው» ብላት ነበር። ደሙ በነሐሴ አቦ መጣ። ፍልሰታ ስለነበር ቀኑን አትረሳውም፤ ቅዳሴውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ነው የሰማችው። በሳምንቱ ለጋሼ ሣህሉ ነገረቻቸውና ቅጹ ላይ ጻፉላት።

አሁን ማዳም ረጅም ተናገረች። በእርሳስ ሁለት መስመር አሰመረች፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ጋሼ ሣህሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀስ ብለው ያስረዷት ጀመር። የሴት ማህፀን በየወሩ ለእንግዳ ምንጣፍ ያነጥፋል። በወሩ መጀመሪያ ምንጣፉ ይወፍራል፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ እንግዳው እንዲያርፍበት ይለሰልሳል፣ ስንቅም ይይዛል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የሚያዝ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ አለ፤ እንቁላሉ ከወጣበት ቦታ በደም በኩል ይላካል። አንዳንዷ ሴት መልእክተኛው ያንሳታል። ለእንዲህ ዓይነቷ መርፌው ይበጃታል፤ መርፌው ራሱ ያው መልእክተኛ ነውና። የየሺአረግ ደም ግን ሲመረመር መልእክተኛው ሞልቶ ተገኝቷል። ችግሩ ያለው ምንጣፉ ላይ ነው። ቁራጩ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ ደርሶ መገኘት ከነበረበት ስድስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የላይኛው መስመር መድረስ የነበረበት፣ የታችኛው የደረሰበት ነው። ምንጣፉ ላይ መልእክተኛውን የሚቀበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተቀባዮች አሉ። የእሷ ወይ ጥቂት ናቸው፤ ወይ የሉም።

«በአጭሩ» አሉ ጋሼ ሣህሉ፣ «ደምሽ ይጣራል፤ ማህፀንሽ አይሰማም። ድምፅ ቢጨመርለትም ያው ነው ትላለች።»

የሺአረግ ስለ መርፌው ጠየቀች። ለሌላ ሴት እንደሚሰጥ ነገሯት። እሺ አለች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች።

ሆስፒታሉ ካለበት ከከዚራ ሰፈር ወደ ቤቷ ስትመለስ በበጋ የሚደርቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ መሻገር አለባት። አሸዋው መሀል ስትደርስ ልቅሶው ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ቆም ብላም ጠበቀችው። አልመጣም። አንድ ግመል ነጂ እንድታሳልፈው በእጁ ምልክት ሰጣት፤ አሳለፈችው። ማዶ ወጥታ ሽንኩርት ገዛችና ቤቷ ገባች።

ክፍሉ ከባቡር መጠገኛው ሲመለስ እጁን በላምባ እያለቀለቀ ሳለ ነገረችው። አይሰማም አሉ አለችው። ምኑ ብሎ ጠየቃት። ማህፀኔ አለችው። እሺ አለና ሌላኛውን እጁን ማለቅለቅ ቀጠለ። ራት በሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ዕረፍትም ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወር ስትቆጥር፣ ጠበል ስትጠጣ፣ ስለት ስትሳል ኖራለች። ቁልቢ ገብርኤል ሁለት ጊዜ በእግሯ ወጥታለች። የባሏ ዘመዶች በመጡ ቁጥር ሆዷን ሰርቀው ሲያዩ አይታ እንዳላየች ሆናለች። አሁን ሁሉም ቀረ። ለሚጠይቃት የምትሰጠው መልስ አላት፤ ለራሷም አላት። ሌሊት ትተኛለች፣ ቀን ጨርቅ ትዳስሳለች፣ ሐሙስ ማታ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ እጅ ሲያወጡ እጅ ታወጣለች። ክፍሉ በዚያው ሰሞን አልጋውን ለእሷ ትቶ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ መተኛት ጀመረ። ሙቀቱ ነው አለ። ታኅሣሥ ላይ ድሬዳዋ ይህን ያህል አይሞቅም፤ እሷ ግን አልተከራከረችውም።

ጸሎቷን አላቋረጠችም። ልመናውን ብቻ ከውስጡ አወጣችው። አባታችን ሆይን ደግማ ታበቃና፣ ቀድሞ ልመናው የነበረበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ትቆማለች። ከዚያ አማትባ ትነሳለች።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ፋርቱን ናት።

ፋርቱን እዚያው ግቢ ከየሺአረግ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ሶማሌ ጎረቤት ናት። ወር በገባ ቁጥር በባቡር ጅቡቲ ደርሳ ትመለሳለች፤ ከፊናንስ ፖሊስ የተረፈላትን ጨርቅና ጣሳ ትሸጣለች። ፍሪጅ ስላላት ለግቢው ሁሉ በረዶ የምታድለው እሷ ናት። ቀበሌው አስገድዶ መሠረተ ትምህርት አስገብቷት የምስክር ወረቀት ሰጥቷታል፤ ከፍሪጁ በላይ ሰቅላዋለች። «ሰርተፊኬቱ አለኝ፤ ማንበቡ ነው የቀረኝ» ትላለች። የጅቡቲ ሱቆች በፈረንሳይኛ የሚሰጧትን ደረሰኝ ግን ቁጥሩንና ወሩን አጥርታ ታነባለች። እንጀራዋ ነው።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ልብስ ሲያጥቡ፣ ፋርቱን ሰውነትሽ ምነው ከሳ ብላ ጠየቀቻት። የሺአረግ የተባለችውን ሁሉ ነገረቻት፤ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር፣ ድምጿ ሳይለወጥ። ፋርቱን እጇን ከሳሙናው አወጣች።

«ናያ፣ አንቺ የሺ፣ ማህፀን ደነቆረ ሲባል ወላሂ ሰምቼ አላውቅም። የኔ ባል ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሰማኝም፤ ስምንት ልጅ ግን ወለድኩ።»

የሺአረግ ፈገግ አለች፤ ፋርቱን እንድትስቅላት ትወዳለችና። ፋርቱን ግን ነገር ከያዘች አትለቅም። መርፌውን ከጅቡቲ አመጣዋለሁ፣ እዚያ ፋርማሲ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፣ ስሙን ብቻ ስጭኝ አለች። የሺአረግ አይጠቅምም ብላ ነገረቻት። አንዴ ነገረቻት፣ ሁለቴ ነገረቻት። በሦስተኛው፣ ነገሩን ለማብረድ ያህል፣ ከሳጥኗ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። ስሙ እዚህ ላይ ይሆናል፤ እኔ አላነበውም አለቻት።

ፋርቱን እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ወረቀቱን ዘረጋችው። ስሙን ትታ፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ቀን ፈለገች። ፈረንሳዮች ኦገስትን ኡት ብለው የሚጽፉት ቃል ላይ ጣቷን አኖረች።

«ሦስት ኡት። ይሄ ምንድነው?»

«የቆረጡኝ ቀን ይሆናል» አለች የሺአረግ።

«ይሄኛውስ? አምስት ኡት።»

«ደም የመጣበት ነዋ።»

ፋርቱን ወረቀቱን አራቀችው፤ መልሳ አቀረበችው። ከዚያ ተነስታ ቤቷ ገባችና በብስኩት ጣሳ የታጨቀ ደረሰኝ ይዛ ወጣች። ፊናንሶች በጠየቁ ቁጥር ስለምታሳይ አንዱንም አትጥልም። ፈልፍላ አንዱን አወጣች። ይህን ይዤ የገባሁበት ቀን ትዝ ይልሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከጅቡቲ ገብታ ዕቃዋን ሳታወርድ፣ የሺአረግን ነጠላዋን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር ያገኘቻት። ምነው ብትላት ዛሬ መጣብኝ፣ ከአጥር ውጭ ቆሜ አስቀድሼ መመለሴ ነው አለቻት። ቀዝቃዛ ውሃ ብታመጣላትም ጾም ነኝ ብላ መለሰችባት። የሺአረግ ሁሉም ትዝ አላት። ፋርቱን ደረሰኙን ከወረቀቱ አጠገብ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። የጅቡቲ ጨርቅ ነጋዴ የቆረጠው ነው፤ ቀኑ አሥር ኡት ይላል።

«አሥር ኡት እዚያ ነበርኩ። በማግስቱ እዚህ ገባሁ። አሥራ አንድ። ታዲያ በአሥራ አንድ ‹ዛሬ መጣብኝ› ያልሽኝ ደም እንዴት በአምስት ይመጣል?»

የሺአረግ በነሐሴ አምስት ነው የመጣው፣ አቦ ነበር አለች። ፋርቱን ራሷን ነቀነቀች። የእናንተ ወርና የፈረንጅ ወር እኮ አብረው አይገቡም አለቻት። ነሐሴ የሚገባው ኡት ስድስት ቀን ከሄደ በኋላ ነው። እሷም ንግድ ስትጀምር ነሐሴና ኡት አንድ መስሏት፣ በአሥራ አምስት ኡት ነይ ያላት ነጋዴ ዘንድ በነሐሴ አሥራ አምስት ሄዳ፣ ዕቃው ለሌላ ተሸጦ ጠብቋታል። ከዚያ ወዲህ አትሳሳትም። ማዳም የራሷን ቀን በራሷ አቆጣጠር ጻፈች፤ የየሺአረግን ቀን የጻፈው ሰው ደግሞ አምስቱን እንዳለ ወስዶ ነሐሴን ኡት አለው።

የሺአረግ የታጠበውን ልብስ አንጠልጥላ ቆመች። ከመድኃኔዓለም እስከ አቦ። ሃያ ስምንት አማኑኤል፣ ሃያ ዘጠኝ ባለ እግዚአብሔር፣ ሠላሳ ማርቆስ፤ ከዚያ ልደታ፣ ታዴዎስ፣ በዓታ፣ ዮሐንስ፣ አቦ። ስምንት ቀን። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ቀን ሆኗል። ደም ሊመጣ ሁለት ቀን የቀረው ምንጣፍ ፈጽሞ ደርሶ መገኘት ነበረበት፤ ስምንት ቀን የቀረው ግን ገና ነው። የእሷም ገና ነበር። ገና መሆኑም ልክ ነበር።

ስምንት ቀን መሆኑን ማንም ቢጠይቃት ትናገር ነበር። እነሱ የጠየቋት መቼ እንደመጣ ነው። ስንት ቀን ቆይቶ መጣ ብሎ የጠየቃት የለም።

ፋርቱን አሁኑኑ እንሂድ፣ እጮህባቸዋለሁ አለች። የሺአረግ እሑድ ነው፣ ሰው የለም አለቻት። ልብሱን አስጥታ ጨረሰች።

በማግስቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ጋሼ ሣህሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍላቸው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያደራጃሉ። በአክብሮት ብድግ ብለው ተቀበሏት። ደኅና ነሽ ወይ፣ አቶ ክፍሉ ደኅና ናቸው ወይ አሉ። ሁሉም ደኅና ነው አለች። ወረቀቱንና የፋርቱንን ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ብዙ ንግግር ነበር፤ ስትደርስ የቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጋሼ ሣህሉ፣ ከመድኃኔዓለም እስከ አቦ ስንት ቀን ነው?»

«ስምንት» አሉ ሳያስቡት። በየወሩ መድኃኔዓለምንም አቦንም የሚያስቀድሱ ሰው ናቸው፤ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰው ቢጠይቋቸውም ይኸንኑ ይመልሳሉ። ከዚያ ጣቷ ያረፈበትን ቦታ አዩ። መነጽራቸውን አወረዱ። ሦስቱን አነበቡ፣ አምስቱን አነበቡ፣ ደረሰኙን አነበቡ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ልጇን ስታባብል ይሰማል። በመጨረሻ ጋሼ ሣህሉ፣ መዝገበ ቃላቱ ነሐሴን ኡት ነው የሚለው አሉ። ባቡር መሥሪያ ቤት የሚገለብጡት ወረቀት ድሮውንም በፈረንጅ ቀን ተጽፎ የሚመጣ ነበር፤ ከአበሻ ቀን ወደ ፈረንጅ መልሰው አያውቁም። ይህን ያሉት ለማሳበብ አልነበረም፤ ስህተቱ የገባበትን ቀዳዳ ለራሳቸው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። የሌሎቹንም ሴቶች ቀን እኔ ነኝ የጻፍኩት አሉ።

የሺአረግ ፈርተው እንደሆነ ገባት። ጊዜው መፍራት የሚገባው ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ካርቶን ቢጠፋበት አሻጥር ነው ተብሎ ሦስት ሳምንት ታስሯል፤ ተፈትቶም ወደ ሥራው አልተመለሰም። እኔ ለማንም አልናገርም፣ ይቅር ካሉም ይቅር አለቻቸው። ለራሷ ስትል አልነበረም፣ ለእሳቸውም ስትል ይህን ያህል አልነበረም። ይቅር ማለት ቀሎ ስለታያት ነው።

ጋሼ ሣህሉ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«አይ» አሉ። «ይኼስ እግዜር ፊትም ያስጠይቀኛል። ነይ እንግባ።»

ማዳም ክፍል ውስጥ የሺአረግ የተነገረውን አልሰማችም፤ ያየችውን ነው የምታውቀው። ጋሼ ሣህሉ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ተማሪ ተናገሩ። ማዳም መጀመሪያ የምትጽፈውን ሳታቋርጥ ትሰማ ነበር። ከዚያ እርሳሷ ቆመ። ከግድግዳው ላይ የፈረንጅ ካላንደር አውርዳ በእርሳሱ ጫፍ ቀኖቹን አንድ በአንድ ነካች፤ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ያቺ ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ወጣች። ማዳም የታችኛውን መስመር ሰረዘችና ከላይኛው ጋር አንድ አድርጋ አሰመረችው። ከዚያ ጋሼ ሣህሉን አጭር ነገር ተናገረቻቸው፤ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ ወደ የሺአረግ ዞረች። አስተርጓሚውን ሳይሆን እሷን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ምንጣፍሽ ልክ ነው፤ በቀኑ ነው የደረሰው፤ ይሰማል። ጋሼ ሣህሉ እንዲህ ብለው አስተላለፉ። ይቅርታ ትጠይቅሻለች፣ እኔም እጠይቅሻለሁ አሉ።

የሺአረግ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን እጇን አየች። አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ደስታ ባይሆን ቁጣ። አሸዋው መሀል ልቅሶውን እንደጠበቀችው ጠበቀችው። ከዚያ ጠየቀች።

«ታዲያ አራቱ ለምን ወረዱ?»

ጋሼ ሣህሉ ጠየቁላት። ማዳም እርሳሷን አስቀመጠች። መስኮቱን አየች። በመጨረሻ ትከሻዋ ዝቅ አለና ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች።

«አላውቅም ትላለች» አሉ ጋሼ ሣህሉ።

መርፌውም እንዳለ አልቋል አሉ። ቢተርፍ እንኳ የመጣው መልእክተኛው ለሚያንሳቸው ነው፤ የሺአረግ አያንሳትም። እንግዲህ እሷ በወረቀት ላይ ጤነኛ ናት። መሞከር ከፈለገች የሚከለክላት ነገር የለም፤ ዕድሜዋ ግን እየሄደ ነውና ብዙ አትቆይ። አምስተኛው ይጸናል ብላ ማዳም ቃል አትገባላትም፤ አይጸናም ብላም ልትነግራት አትችልም። የሌሎቹን ሴቶች ወረቀት ሁሉ ዛሬውኑ አውጥታ በአዲስ ልትቆጥር ነው። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ሣህሉ እየተከተሏት መጡ። እንድትቆጣቸው የፈለጉ ይመስላል፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን እግዜር ይፍታዎ ብላ ጎንበስ አለችና ሄደች። ሄዳ ሄዳ ነው የገባት፤ ይዛ የወጣችው ነገር የለም፣ የነበራትን ነው አስረክባ የወጣችው። ሦስት ወር የተደገፈችበት ምክንያት ነበራት። አሁን ድጋፉ ከሥሯ ተወስዷል።

ድሬዳዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ከአጥር ሥር አይወጣም። ቤት ስትደርስ ክፍሉ ለምሳ መጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሰሌኑ ላይ ተጋድሟል። ምሳ አቀረበች። በሉ። ሳህኖቹን ወደ ጎን አድርጋ፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ስለ ቀኑ፣ ስለ ፋርቱን ደረሰኝ፣ ስለ ጋሼ ሣህሉ፣ ማዳም ሰርዛ ስላሰመረችው መስመር። አላውቅም አለች አለችው። መሞከር ትችላላችሁ አለች አለችው።

እሺ የሚል መስሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ የሚል ሰው ነው። ክፍሉ ግን ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«እኔ አምስተኛውን አልችልም፣ የሺ» አለ።

አየችው። ፊቱ እንደ ወትሮው ነው። ድምፁም እንደ ወትሮው ነው።

«አራቱን ማን ነው ያወጣቸው?» አለ። «አንቺ ትተኛለሽ። ጨርቁን የማወጣው እኔ ነኝ።»

የት እንደሚያወጣው ጠይቃው አታውቅም። ሽንት ቤት ይመስላት ነበር። እንዲህ ነው ብላ ሳትወስን፣ ዝም ብላ እንዲያ ነው የምታስበው። ክፍሉ ነገራት። ከደቻቱ ዳር፣ ግራሮቹ ካሉበት ከፍ ያለ ቦታ፣ በባቡር መሥሪያ ቤቱ አካፋ ቆፍሮ ነው የቀበራቸው። አራቱንም ጎን ለጎን። መጀመሪያ ሰው እንዳያየው ብሎ በማለዳ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በማለዳ መሄድ ልማድ ሆነበት። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ዳሩን ንዶ ሁለቱን ወሰዳቸው። ሄዶ አይቷል። የቀሩትን ሁለቱን አንሥቶ ወደ ላይ ሊያዛውራቸው አስቦ፣ ሲቆፍር የሚያገኘው ነገር እንደማይኖር ስላወቀ ተወው።

«ነግረኸኝ አታውቅም» አለች።

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እውነቱን ነው። ከመንደሩ አንድ በግ ጮኸና ዝም አለ። የሺአረግ አራቱንም የሷ ብቻ አድርጋ ነበር የኖረችው። ከሆዷ የወጡ ናቸውና ሌላ ሰው ይሸከማቸዋል ብላ አላሰበችም። ሰውዬው ሲተኛ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ቂም ይዞ ይመስላት ነበር፤ አልጋውን ትቶ የወረደውም ተስፋ ስለቆረጠባት። አሁን የሚያደርገው ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘ፤ ትርጉሙን ግን ወዲያው ልትቀበለው አልቻለችም። እጇን ዘርግታ ደረቱ ላይ ልታሳርፍ አሰበች፤ ዘረጋችው። ቆዳው በላብ ረጥቧል። እጇን እዚያው ተወችው።

ከዚያ እንዲህ አለችው፦

«እንግዲያው ለብቻዬ እይዘዋለሁ። ቢመጣ ሦስት ወር እስኪሞላው አልነግርህም። ቢወርድም አልነግርህም። አውጥቼ እኔው እቀብረዋለሁ።»

የመጠገኛው ፊሽካ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነፋ። ክፍሉ ተነሳ፤ ሸሚዙን ለበሰ፤ ጫማውን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አጠለቀ። ማሰሪያውን አንዱን አሰረ፣ ሁለተኛውን አሰረ፣ መልሶ ፈታውና እንደገና አሰረው። ወጣ። የግቢው በር ሲከፈት ሰማች። ሲዘጋ ግን አልሰማችም።

ተመልሶ መጣ። ደፉን ሳይሻገር ቆመ፤ ፀሐዩ ከኋላው ስለሆነ ፊቱ አይታይም።

«ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን ንገሪኝ» አለ።

«አልችልም ብለህ የለ?»

«አልችልም። ግን ንገሪኝ።»

እሺ አለችው። ሄደ። የሺአረግ ሰሌኑን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ አቆመችው፤ ከዚያ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች። በዚህ ሰዓት ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሻይ የሚያፈላ ነው። እጇን ከታቹ ስታደርግ እንደሚያቃጥል ታወቃት። እጇን ግን አላወጣችም፤ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ይዛ ጠበቀች።